ሳሙና፣ አልኮል፣ ኒም ወይስ ሚጥሚጣ? ለቤት ውስጥ ተክል ተባይ የቱን እንምረጥ

ባለፈው ታኅሣሥ ሳሎን መስኮት አጠገብ ያለው ፊከሴ ቅጠሉ መገርጣት ጀመረ። ጀርባውን ገልብጬ ሳየው አቧራ የመሰለ ነገር ተበትኖበታል። ጎረቤቴ፣ በረንዳቸው ላይ ጤና አዳምና ጽጌረዳ ሲያሳድጉ የኖሩ እናት፣ «ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ አፍልተሽ ርጪበት ልጄ፣ ድራሹ ይጠፋል» አሉኝ። አፈላሁ፣ አጠለልኩ፣ ረጨሁ። ቤቱ ሁለት ቀን ሙሉ ወጥ የተቃጠለበት መሰለ፤ እኔን አስነጠሰኝ፤ ድመቷ ከሳሎን ተሰደደች። በሳምንቱ ቅጠሉን ደግሜ ስገለብጠው ተባዩ እዚያው ነው፤ ጭራሽ በቅርንጫፎቹ መሀል ስስ ድር አድርቷል።

እሳቸውን አልወቅስም። በረንዳቸው ላይ ሲያዩ የኖሩት ክሽክሽ ነው፤ እኔ ቤት የገባው ሌላ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተባዩን ሳልለይ መድኃኒት መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ጓዳና ፋርማሲ ውስጥ የሚገኘውን በየተራ ሞክሬያለሁ። «የቱ ይሻላል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሼ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ፦ የመጣው ማን ነው? ወሩ ምንድን ነው? ሥራውን ስንት ጊዜ ለመድገም ትዕግሥት አላችሁ? ብዙ ሰው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው።

የመጣው ማን ነው?

አንድ ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ያዙና ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት። ከወደቀው ብናኝ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካለ፣ በጣት ሲዳመጥም ወረቀቱ ላይ የሚቀባ ከሆነ፣ ቀይ ሸረሪት ነው፤ የአበባ እርሻ ሠራተኞች ስፓይደር ማይት የሚሉት። እንደ ሸረሪት ስምንት እግር ያለው ሲሆን ነፍሳት ውስጥ አይመደብም። የሚኖረው ቅጠል ጀርባ ነው፤ ሲበዛ ድር ያደራል። ሞቅ ባለ ደረቅ ክፍል ውስጥ ከእንቁላል ተነስቶ ራሱ እንቁላል ለመጣል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

በቅጠልና በግንድ መጋጠሚያ ላይ ጥጥ የተወተፈ የሚመስል ነገር ካያችሁ ሚሊበግ ነው። ግንድ ላይ የተለጠፈ ቡናማ ቅርፊት፣ ጠባሳ መስሏችሁ በጥፍር ስትነኩት ተፈንቅሎ የሚነሳ ከሆነ፣ ስኬል ይባላል። ክሽክሽ ለጋ ቡቃያ ላይ ተጨናንቆ ይቀመጣል፤ አረንጓዴም ጥቁርም ሊሆን ይችላል። ተክሉን ሲነኩት ብር ብሎ የሚነሳው ነጭ ዝንብ ነው። ቅጠሉ ወይም ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እንደ ማር ከተጣበቀ፣ ጉንዳንም በግንዱ መውጣት መውረድ ከጀመረ፣ ከእነዚህ ጭማቂ መጣጮች አንዱ አለ ማለት ነው። ጉንዳኑ የሚመጣው የሚጥሉትን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው፤ ለዚያ ሲል ከጠላት ይጠብቃቸዋል።

ከአፈሩ ተነስተው ቡና ሲጠጣ ስኒ ላይ የሚያንዣብቡት ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች የተለየ ጉዳይ ናቸው። ቅጠል ላይ የሚረጭ ምንም ነገር እነሱን አይነካም፤ ወደ ታች እመለስባቸዋለሁ።

ወሩ ደግሞ ግማሹን ይነግራችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ሲደርቅ የቀይ ሸረሪት ዘመን ነው። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ቫዞው ሳይደርቅ ሲሰነብት የትንኞቹ ዘመን ይሆናል። በአሜሪካና በአውሮፓ ላላችሁ ማሞቂያ የሚበራበት ወቅት እንደ እኛ በጋ ነው፤ የክፍሉን አየር ስለሚያደርቀው።

ውሃ፣ የተናቀው

ከሁሉ በፊት ውሃ። ለክሽክሽና ለቀይ ሸረሪት ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው፤ ግን ስለማይሸጥ ማንም አይመክረውም። ቫዞውን በፌስታል ሸፍኖ አፈሩ እንዳይፈስ ማሰር፣ መታጠቢያ ቤት ማስገባት፣ የቅጠሉን ጀርባ በሻወር ጠንከር አድርጎ ማጠብ። ክሽክሽ አንዴ ከወደቀ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይወጣም። ቀይ ሸረሪት ድሩም እንቁላሉም በከፊል ይታጠባል፤ አቧራውም አብሮ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ አቧራማ ቅጠል ይወዳል።

ችግሩ የታወቀ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ሻወር ቅንጦት ነው። ያኔ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይበቃል። አፈሩን በጨርቅና በገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ ተክሉን ዘቅዝቁና ቅጠሉን ባልዲው ውስጥ አመላልሱት። ትልቅ ፊከስ የማይዘቀዘቅ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ቅጠል በቅጠል መጥረግ ነው። አሰልቺ ነው፤ ሬዲዮ ከፍታችሁ ሥሩት።

ሳሙና

ቀጥሎ ሳሙና። ለስላሳ ገላ ያላቸውን ሁሉ፣ ክሽክሽን፣ ነጭ ዝንብን፣ ቀይ ሸረሪትን፣ ለጋ ሚሊበግን ይገድላል። ግን የሚገድለው እርጥብ ሆኖ ሲነካቸው ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ቅጠሉ ላይ ቢቀር ምንም አይሠራም፤ በማግሥቱ ከእንቁላል የሚወጣውን አያገኘውም። ስለዚህ የሳሙና ጥንካሬ ሁሉ ቅጠሉን ከሥር ገልብጦ ማርጠብ ላይ ነው። ከላይ ከላይ እፍ እፍ አድርጎ የረጨ ሰው ሳሙናውን አባከነ እንጂ አልረጨም።

መጠኑ በአንድ ሊትር ውሃ ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ሽቶና ማንጫ የሌለበት ተራ ሳሙና ምረጡ። የዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሾችም ብዙዎቹ ሳሙና ሳይሆኑ ዲተርጀንት፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ማጽጃ፣ ናቸው፤ ሌላ ከታጣ በአነስተኛው መጠን ይሞከራሉ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ረጭታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ፈርን ሳሙና አይችልም። ወፍራም ቅጠል ያላቸውና ላያቸው ላይ ነጣ ያለ ሰም የተቀቡ ተክሎችም እንዲሁ፣ ሰሙን ያጥብባቸዋል። ፀሐይ ላይ አትርጩ፤ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

እዚህ ላይ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፦ የምትኖሩበት ከተማ ውሃ። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ሳሙናውን ይበላዋል፤ አረፋ የመሆኑ ጉዳይ ቀርቶ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ድሬዳዋ ማንቆርቆሪያ ያፈላ ሰው ከታች የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። እዚያ ሳሙና ለመበጥበጥ የዝናብ ውሃ ወይም የታሸገ ውሃ ይሻላል። አዲስ አበባም ቢሆን ከግድብ የሚመጣው ውሃና ከአቃቂ ጉድጓድ የሚመጣው አንድ አይደለም። ፈተናው ቀላል ነው፤ በጠርሙስ በጥብጣችሁ አረፋው በደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ውሃውን ቀይሩ።

«እንዶድስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዶድ ሳሙናችን የነበረ ነው፤ አረፋውም ሳፖኒን ከሚባል ፍሬው ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የብልሃርዝያ አስተላላፊዎቹን ለመግደል እንደሚውል ያሳወቁት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ግን ዓሣም ይገድላል። ቤታችሁ የዓሣ ገንዳ ካለ በአጠገቡ እንዳታደርሱት። ለእኔ ትልቁ ችግሩ መጠኑ አለመታወቁ ነው፤ ከዚህኛው ፍሬ የወጣውና ከዚያኛው የወጣው ብርታቱ እኩል አይደለም። የሳሙናን ሥራ ለማሠራት ሳሙና እያለ ወደ እንዶድ የምሄድበት ምክንያት አላገኘሁም።

አልኮል

ለሚሊበግ ግን ሳሙናን አስቀምጡት። ገላው ላይ ያለው ጥጥ የመሰለ ነገር ሰም ነው፤ ውሃውን አንሸራትቶ ይጥለዋል። ሰሙን የሚያሟሟው ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክራችሁ እያንዳንዱን ንኩት፤ ነጩ ወዲያው ሲቀልጥ፣ ከሥሩ ሐምራዊ ወይም ቢጫ ገላው ሲወጣ ታያላችሁ። የሚያረካ ሥራ ነው፣ አልዋሻችሁም። ስኬልም በዚሁ ይሄዳል፤ ቅርፊቱን በጥፍር ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈንቅሎ ቦታውን በአልኮል መጥረግ።

አልኮል ተክሉን በሙሉ ለመርጨት አይደለም፤ ቅጠል ያደርቃል። ምድጃ ወይም ሻማ አጠገብም አይሠራበትም። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ማለስለሻ ስላለበት ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል፣ ተዉት። አረቄ ይሆን እንደሆነ የጠየቀኝ አጎቴ ነው። ብርታቱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ አልመክርም አልኩት፤ እሱም ቢሆን ለተክል ማባከኑን አልወደደውም።

አልኮልን ከሳሙና ጋር ሳነጻጽረው እንዲህ ነው የምለው፦ ተባዩ በቁጥር የሚቆጠር ሲሆን አልኮል፣ የማይቆጠር ሲሆን ሳሙና። ቁልቋልና እሬት ላይ ሳሙናውን ፈርቼ ሁልጊዜ ወደ አልኮሉ እሄዳለሁ።

ኒም

ኒም፣ ቆላ የሚበቅለው ዛፍ፣ በትዕግሥት የሚሠራ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን ተባዩ እንዳይበላ፣ ቆዳውን ጥሎም እንዳያድግ ያደርገዋል። ዛሬ ረጭታችሁ ነገ ሬሳ የምትቆጥሩበት አይደለም፤ ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አይሠራም» ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው። ሳሙና የማያገኘውን፣ ከረጨን በኋላ የሚፈለፈለውን ትውልድ የሚይዝልን ግን እሱ ነው። ብርሃን ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ማታ መርጨት፣ በሳምንት አንዴ መድገም።

ዘይቱን የምታገኙ ከሆነ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይትና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና። ሳሙናው ዘይቱን ከውሃው እንዲያስታርቅ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። አዲስ አበባ ብርድ ላይ ዘይቱ ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋል፤ ተበላሽቶ አይደለም፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብታቆሙት ይመለሳል። የተበጠበጠውን የዚያኑ ቀን ጨርሱት።

ዕድለኞቹ ቆላ ያላችሁ ናችሁ። ድሬዳዋ ኒም የጎዳና ጥላ ነው፤ ፍሬው እግር ሥር ይረግፋል። ብርታቱ ከቅጠሉ ይልቅ በፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ላይ ነው። የደረቀውን ዘር ፈልፍላችሁ ወቅጡት፤ 50 ግራም ያህሉን በአንድ ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩና በአሮጌ ነጠላ አጥሉት። ውሃው ሳሙናን በሚበላበት ከተማ ኒሙ ደጅ ላይ መብቀሉ ይገርመኛል።

ሽታው ለሁሉም አይመችም፤ የከረረ ለውዝና ነጭ ሽንኩርት ተቀላቅሎ አስቡት። ቤታችሁ ሕፃን ካለ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ መዋጥ የለበትም። በሶብላና የጥብስ ቅጠል፣ ማለትም የምትበሉት ተክል ላይ፣ እኔ ኒምን ትቼ በውሃና በሳሙና እወሰናለሁ።

ትንኞቹ

አሁን ወደ ክረምቱ እንግዶች። የምታዩት ትንኝ ሳምንት ያህል ኖሮ የሚሞት ነው፤ ሥራው ያለው አፈሩ ውስጥ፣ ከላይ ባለው ሁለት ሦስት ጣት ጥልቀት ውስጥ ካሉት እጮች ጋር ነው። ከእንቁላል እስከ ትንኝ ሦስት አራት ሳምንት ይፈጃሉ፤ የሚያስፈልጋቸው እርጥበት ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ውሃ አለማጠጣት ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። አብዛኛው የቤት ተክል በጥማት ከሚሞተው ይልቅ በደግነት የሚሞተው ይበዛል።

ማድረቁን የማይችል ተክል ከሆነ ውሃውን ከሥር በሰሃን ስጡትና አፈሩ ላይ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሻካራ አሸዋ አልብሱት። የበረሩትን ለመያዝ ደግሞ ቢጫ ቀለም ይስባቸዋል፤ የተጣለ ቢጫ ጀሪካን ቁራጭ ላይ ቫዝሊን ቀብታችሁ አፈሩ አጠገብ ብትተክሉት ከሱቅ የሚገዛውን ተለጣፊ ወረቀት ይተካል። የድንች ቁራጭ አፈሩ ላይ ደፍቶ ማሳደርም ይሠራል፤ በሁለት ሦስት ቀን እጮቹ ከሥሩ ይሰበሰባሉ፣ ድንቹን ከነእነሱ መጣል ነው። በዚህኛው ግን ልጆቼ ከእኔ የበለጠ ተደስተዋል።

ውጭ አገር ያላችሁ ቢቲአይ የተባለውን ባክቴሪያ ለትንኝ መከላከያ በጥራጥሬ መልክ ተዘጋጅቶ ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 እስራኤል ውስጥ ከኔጌቭ በረሃ የተገኘ ነው፤ የትንኝ እጭ ሲበላው አንጀቱን ይበጥሰዋል፣ ሰውና ድመት ላይ ግን ጉዳት የለውም። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ በዚያ ውሃ ማጠጣት ነው። እሱን የሚያገኝ ሰው ከላይ ያለውን ጀሪካንና ድንች ሊረሳው ይችላል።

በስማቸው ብቻ የሚታመኑ

ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ገና ያልሰፈረን ተባይ በጠረናቸው ሊያርቁ ይችላሉ፤ የሰፈረን ግን እንዲለቅ አያደርጉም። ከሠራላችሁም ምናልባት አብሮ የበጠበጣችሁት ሳሙና ነው የሠራው።

አመድ እህል ጎተራ ውስጥ ነቀዝን ይከላከላል፤ ቫዞ ውስጥ ግን ውሃ ሲነካው ከንቱ ይሆናል፣ በዚያ ላይ የአፈሩን አሲድነት ይቀንሳል፣ ብዙዎቹ የቤት ተክሎች ያን አይወዱም። የቡና አተላ ደግሞ ተባይን ከመከላከል ይልቅ ይጠራል። ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ጀበናውን ቫዞው ላይ መገልበጥ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ አተላው ሻግቶ ለትንኝ እጭ ምግብ ይሆናል። ትንኝ የበዛበትን ቤት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚህ ነው።

ትምባሆ ዘፍዝፎ መርጨት ድሮ የነበረ ነው፤ ተባይም ይገድላል፣ ልክ ነው። ኒኮቲን ግን በቆዳ የሚገባ መርዝ ነው፤ ከቅጠል መብቀሉ አያለዝበውም። ሳሎን ውስጥ ቦታ የለውም። ለዝንብና ለበረሮ የሚነፋው ፍሊትም ለተክል አልተሠራም፤ ውስጡ ያለው ማሟሚያ ቅጠል ያቃጥላል።

ተባይን በጠላቱ ማስበላት እውነተኛ ዘዴ ነው። ዝዋይ አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ሌላ ሸረሪት መሰል፣ ፋይቶሲዩለስ የሚባል፣ ይለቁበታል። አውሮፓና አሜሪካ በፖስታ ይመጣል። ለሦስት ቫዞ ግን አያዋጣም፤ የሚበላው ሲያልቅበት ይሞታል፣ ደረቅ አየርም አይችልም። በረንዳችሁ ላይ ግን ቀይ ጀርባዋ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ ካያችሁ አትንኳት፤ ክሽክሹን ትለቅምላችኋለች።

ስንት ጊዜ?

ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ እንቁላል ላይ ደካማ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ መርጨት ወላጆቹን ገድሎ ልጆቹን ማሳደግ ነው። ውሃና ሳሙና በየአራት አምስት ቀኑ ቢያንስ አራት ጊዜ፤ አልኮል በየሳምንቱ፣ አንድም ነጭ ነገር ሳታዩ ሁለት ሳምንት እስኪያልፍ፤ ኒም በየሳምንቱ ለአንድ ወር። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። ይህን ያህል መድገም እንደማትችሉ ካወቃችሁ ከመጀመሪያው ኒምን ምረጡ፤ የዘለላችሁትን ሳምንት ከሳሙና ይልቅ ይቅር የሚላችሁ እሱ ነው። የእኔ ፊከስ በጥር አራት ጊዜ በባልዲ ውሃና በሳሙና ታጠበ፤ መጋቢት ላይ አዲስ ቅጠል አወጣ።

አዲስ ተክል ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ስታመጡ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ሌላ ክፍል አቆዩት። የእኔ ሚሊበግ የገባው በዚያ በር ነው፤ ያማረ ተክል አይቼ ቅጠሉን ሳልገለብጥ በገዛሁበት ቀን።

ሚሊበግ ሥር ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ከቫዞው ስታወጡት ሥሩ ላይ ነጭ ጥጥ ካያችሁ፣ አፈሩን በሙሉ ጥሎ ሥሩን አጥቦ በአዲስ አፈር መትከል አንድ ዕድል ነው። ከዚያ በኋላ ከተመለሰ ተዉት። እኔ አንድ ፈርንና አንድ ቁልቋል ጥያለሁ። ጤነኛ ቅርንጫፍ ካለው ቆርጣችሁ አጥባችሁ ሌላ ብርጭቆ ውስጥ አስቀሩ፤ የቀረውን በፌስታል ቋጥራችሁ ከቆሻሻ ጋር አውጡት፣ ግቢው አትክልት ላይ እንዳትደፉት። ቫዞውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ፈትጋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።